የእማማ እናኑ ዋንጫ

ሰኔ አሥራ ሁለት ቀን፣ አሥር ሰዓት ላይ፣ ቄስ ገብረ ኢየሱስ የማኅበሩን ጽዋ በሁለት እጃቸው አንስተው ባረኩት፣ አንዴ ተጎነጩ፣ ከዚያ ዝም አሉ። ቄስ ገብረ ኢየሱስ ዝም ሲሉ የፍኖተ ሰላም ሰው ይደነግጣል፤ ዝም ሲሉ አይቷቸው አያውቅማ።

ሃያ አራቱ የሚካኤል ማኅበርተኞች በእማማ እናኑ ቤት ግድግዳውን ታከው ተቀምጠዋል። እንጀራው ቀርቧል፣ ሽሮው እየቀዘቀዘ ነው፣ ሰው ሁሉ ከጧት ጀምሮ እህል አልቀመሰም።

"አባታችን፣ ጠላው ኮመጠጠ እንዴ?" አሉ እማማ እናኑ ከጓዳው በር ላይ ሆነው።

"ጠላውስ ደኅና ነው።" ቄሱ አውራ ጣታቸውን በዋንጫው ከንፈር ላይ አዞሩ። ደግመው አዞሩ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ጣቴን ሳሳርፍባት የጎደጎደች ቦታ አለች። የት ሄደች? እናኑ፣ ይሄ የሚካኤል ጽዋ አይደለም እኮ።"

ዋንጫው የጎሽ ቀንድ ነው፤ አፉ በብር የተለበጠ፣ የእማማ እናኑ አያት ለማኅበሩ የሰጡት። በየወሩ በአሥራ ሁለት ቀን ከተረኛ ቤት ወደ ተረኛ ቤት ይዞራል። እማማ እናኑ የተረከቡት ግንቦት አሥራ ሁለት ነበር፤ ያን ዕለት ቄሱ ጠጥተውበታል፣ ጎድጓዳዋም በቦታዋ ነበረች። ዛሬ ሊያስረክቡ ሲሉ እጃቸው ላይ የተገኘው በቆርቆሮ የተለበጠ፣ ገና የፋቂው ቢላ ያልለቀቀው አዲስ ቀንድ ሆነ።

"መስከረም ናት!" አሉ የማኅበሩ ሙሴ፣ ማለትም አለቃው፣ አቶ ሀብተሚካኤል። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። "ያች አስጎብኝ ተብየ! መንገደኛ እየነዳች እዚህ ቤት ስታስገባ ዝም ብለን አየናት። ይኸው!"

ሰውየው ሲቆጡ ደስ የሚላቸው ዓይነት ናቸው። ሃያ ሦስቱም ራሳቸውን ነቀነቁ። እማማ እናኑ ብቻ አልነቀነቁም።

*

ኢንስፔክተር ፀደንያ ከደምበጫ ተዛውራ ከመጣች አምስት ወሯ ነው። እስካሁን የያዘችው ትልቁ ጉዳይ የአንድ አውራ በግ ባለቤት ማን ነው የሚል ነበር፤ እሱንም ሦስት ሳምንት ሙሉ አልለቀቀችውም፣ በጉ ራሱ ሰልችቶት ነበር።

መስከረም ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፣ በታሪክ የተመረቀች፣ ሥራ አጥታ ሁለት ዓመት የእናቷን ደጅ የጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ በገዛ እግሯ ሥራ ፈጠረች፤ "ከወጀት እስከ ፍኖተ ሰላም" የሚባል የእግር ጉብኝት። እንግዶችን በከተማዋ እየመራች ታሪክ ትነግራለች፣ በየመቆሚያው የአገሩን ምግብ ታስቀምሳለች። መጨረሻው እማማ እናኑ ቤት ነው፤ እንግዶቹ ጠላ በዋንጫ የሚጠጡበት።

"አርባ ስምንት ሰዓት አለኝ" አለቻት ፀደንያ። "ከዚያ ፍርድ ቤት አቀርብሻለሁ። አለቃዬ ዛሬውኑ ቢዘጋ ደስ ይለዋል።"

"ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር አሥራ ስምንት ሰው ይመጣብኛል።" አለች መስከረም። "ቅዳሜ እዚህ ከዋልኩ ከተማው ፈቃዴን ይነጥቀኛል። ሌባ የተባለች ልጅ ደግሞ እንግዶቿን ማን ቤት ታስገባለች? ሁሉም መቆሚያዬ የሰው ቤት እኮ ነው።"

"እንግዲያው እውነቱን ቶሎ ንገሪኝ። ስንት ዋንጫ ነው ያለው?"

መስከረም ጫማዋን አየች። የጫማው አፍንጫ ተቀዷል።

"ሁለት ነው" አለች በመጨረሻ። "አንዱን እኔ ነኝ ያሠራሁት። የእማማ የወንድም ልጅ ባዬ፣ ቡሬ ከተማ በሚያውቀው ቀንድ ፋቂ አሠርቶ ላከልኝ። እንግዶቹ የሚጠጡት በእሱ ነው።"

"ለእንግዶቹስ ምን ትያቸዋለሽ?"

"የመቶ ዓመት ዋንጫ ነው እላቸዋለሁ።" ጆሮዋ ቀላ። "ኢንስፔክተር፣ ሌባ አይደለሁም። ውሸታም ብቻ ነኝ።"

በሩ ላይ የቆመው ሳጅን ቴዎድሮስ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

የመጨረሻው ጉብኝት ረቡዕ ግንቦት ሃያ ሰባት ነበር። መስከረም ከሰባት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት እንግዶቹን እማማ እናኑ ጓሮ፣ ማንጎው ሥር አስቀምጣ ነበር። ከጠጡ በኋላ አስመሳዩን አጥባ ሳሎን ብፌው ላይ ደፋችው፤ እውነተኛው አጠገቡ በጨርቁ ተጠቅልሎ ነበር። ጓሮ እንግዶቹ ዘንድ ቆይታ ስትመለስ አስመሳዩ የለም። የተጠቀለለው እንደተጠቀለለ ነው።

"ከእንግዶቹ አንዱ ለመታሰቢያ የወሰደው መስሎኝ ዝም አልኩ። ለማን ልንገር? አስመሳይ እንዳለኝ እማማ አያውቁ፣ ዓይናቸው ደክሟል።"

"ሌባው ግን እውነተኛውን ወስዶ አስመሳዩን በጨርቁ ጠቅልሎታል" አለች ፀደንያ። "ስለዚህ ሁለት መሆኑን የሚያውቅ ሰው ነው። ማን ያውቃል?"

"እኔ፣ ባዬ፣ ጋሼ ሀብተሚካኤል። አሠሪ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው፤ የማኅበሩን ጽዋ የመንገደኛ አፍ አይነካውም ብለው።"

*

አቶ ሀብተሚካኤል ኢንስፔክተሯን በረንዳቸው ላይ ተቀበሏት። ወንበር ሰጧት፣ ለራሳቸው ከፍ ያለውን ያዙ።

"አስመሳይ ዋንጫ? ገና አሁን ከአንች መስማቴ ነው ልጀ።"

"መስከረም እርስዎ እንዳዘዟት ትናገራለች።"

"ምን ታርግ! የያዘችው ሁሉ ሲያልቅባት እኔን ያዘች።"

"እርስዎን ሌባ አላልኩም። የሁሉንም ሰው ውሎ ነው የምመዘግበው። ረቡዕ ግንቦት ሃያ ሰባት፣ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት፣ የት ነበሩ?"

ሰውየው ፈገግ አሉ፣ ለሕፃን እንደሚባለው ዓይነት። "ረቡዕ እኮ ነው ያልሽኝ። ረቡዕና አርብ ከስድስት ሰዓት ጀምሮ እኔን ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያየኝ ሰው አለ? ቅዳሴው ዘጠኝ ሰዓት ይወጣል፣ በጠበል ጾሜን እገድፋለሁ፣ ቤቴ እገባለሁ። ያን ቀንም እንዲያው ነው። ሃያ ዓመት እንዲያው ነው።"

ቄስ ገብረ ኢየሱስም ስትጠይቃቸው ጊዜ አላባከኑም። "ሀብተሚካኤል? የረቡዕ ቅዳሴ አምልጦት አያውቅም። የሚደገፋት ምሰሶ ራሷ ሳታውቀው አትቀርም።"

ፀደንያ በማስታወሻዋ ላይ የሙሴውን ስም ሰረዘችው። እስክርቢቶዋ ግን ስሙ ላይ ትንሽ ቆየች፤ ለምን እንደቆየች እሷም አላወቀችም።

*

አርብ ጧት ሚኒባሱ ማንኩሳን አልፎ ፀደንያንና ቴዎድሮስን ቡሬ አደረሳቸው። የባዬ በርበሬ ሱቅ ከሩቅ በአፍንጫ ይገኛል። ሳጅን ቴዎድሮስ ገና ከደጁ ሰባት ጊዜ አስነጠሰ።

"ይማርህ" አለ ባዬ ከቀይ ጆንያዎቹ መሀል። ቀጭን፣ ቀልጣፋ፣ የቅንድቡ ፀጉር ሳይቀር በርበሬ የነካው ሰው ነው። "ፖሊስ ሱቄ ሲመጣ ሁልጊዜ ያለቅሳል፣ አይክፋችሁ።"

ፀደንያ አልሳቀችም። ባዬ የዋንጫው ወራሽ ነኝ ብሎ ከአክስቱ ጋር አንዴ መነታረኩን ጎረቤት ነግሯታል። ሁለት መሆኑንም ያውቃል። በሚኒባሱ ውስጥ እስከ ቡሬ ድረስ ሌባው እሱ ነው ስትል ነበር የመጣችው።

"ግንቦት ሃያ ሰባት የት ዋልክ?"

የባዬ ፊት በራ። "ያን ቀንማ! ልጄ አደይ የተወለደችበት ቀን ነው!" ከኪሱ የታጠፈ የጤና ጣቢያ ካርድ አወጣ፤ ሰው ሁሉ እንዲያይለት ይዞት የሚዞር ይመስላል። ቀኑ ተጽፏል፣ የተወለደችበት ሰዓትም፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። "አዋላጇን ጠይቂያት፣ በር ላይ ወድቄ እኔን ነው መጀመሪያ ያነሣችው። ማታ ሰፈሩ ሁሉ ገንፎውን በቅቤ ሲያወራርድልኝ ነበር።"

አዋላጇ ተጠየቀች። ስትስቅ ቆይታ እውነት ነው አለች።

"ስለ አስመሳዩ ዋንጫ ለሌላ ሰው ነግረሃል?"

"ለማን? መስከረም አደራ ብላኝ። ደግሞ ልንገርሽ፣ ያች ልጅ አክስቴን ከሰረቀች እኔ በርበሬ አልሸጥኩም።"

ሲመለሱ የፀደንያ ስልክ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው። "ባዬ ነጻ ነው፣ ሙሴው ነጻ ነው። ማን ቀረ? ዝጊው።"

"ነገም ጊዜ አለኝ ጌታዬ።"

"የምን ግትርነት ነው?"

"የደምበጫ ነው" አለችና ስልኩን ዘጋች። ቴዎድሮስ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ፣ አለቃ ላይ ስልክ ሲዘጋ ማየት ያስፈራላ።

*

"ምሪኝ" አለቻት ፀደንያ መስከረምን፣ ከእስር ክፍሉ አስወጥታ። "ያን ቀን የሄድሽበትን፣ በሄድሽበት ቅደም ተከተል። እንደ እንግዳ ቁጠሪኝ። የተናገርሽውን ሁሉ ተናገሪ።"

"ካቴናዬን ይዤ?"

"ካቴና መቼ አሠርኩልሽ? ሂጂ።"

መስከረም መጀመሪያ ቀስ እያለች ሄደች፣ ሃያ እርምጃ ሳትሄድ ግን እየሞቃት መጣች። ገበያው ዳር ቆመች። ከተማዋ ድሮ ወጀት ትባል እንደነበር፣ ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ በዚህ ሲያልፉ የሰላም መንገድ ብለው ስሟን ቀየሩት እንደሚባል ለፀደንያና ለቴዎድሮስ ነገረቻቸው። እዚህ ነጭ ማር ከነሰፈፉ ያስቀምሳሉ። ባለማሩ መስከረምን ሲያይ ፊቱን አዞረ። እሷም አየችው፣ ዋጠችው፣ ቀጠለች።

ሁለተኛው መቆሚያ ቂጣ በቡሬ በርበሬ አዋዜ ነው። ቴዎድሮስ ምራቁን ዋጠ።

"የሰኔ ጾም የቄሶች ነው ሲሉ ሰምቼ ነበር" አለ። "እናቴ ግን አልሰማችም። ደግሞ ዛሬ አርብ። ኢንስፔክተር፣ በባዶ ሆድ የምግብ ጉብኝት እኮ ከወንጀል ይቆጠራል።"

"ዝም ብለህ ሰዓት መዝግብ።"

ሦስተኛው የወይዘሮ ሕሊና ቤት ነው፤ ሰፊ ግቢ፣ ሁለት የሚታለቡ ላሞች። ወይዘሮ ሕሊና እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ወጡ። ፊታቸውን አላዞሩም፤ መስከረምን ሦስቴ ስመው አገላብጠው አዩዋት።

"ከስተሽ የለም እንዴ! ምነው ዛሬ አርብ ባይሆን ኖሮ፤ እንደዚያ ረቡዕ እርጎውን በቅል አቀርብላችሁ ነበር። ያን ቀን ሁለት ቅል ነው ያስጨረስሽኝ!"

"ረቡዕ ዕለት እርጎ?" ቴዎድሮስ ዓይኑ ፈጠጠ። "ክርስቲያን አይደሉም እንዴ እንግዶቹ?"

"አንተ ልጅ፣ ረኃቡ አእምሮህን ወሰደው መሰለኝ! በዓለ ሃምሳ አልነበረም? ፋሲካን ይዞ እስከ ጰራቅሊጦስ የምን ጾም አለ! እኔም እኮ አብሬያቸው ጠጥቻለሁ።"

ፀደንያ ግቢው መሀል ቆማ ቀረች።

ከሰኔ ሁለት ጀምሮ ሁሉም ሰው እየጾመ ነው። እሷም። አሥራ ሁለት ቀን ሆኗል፤ ሆድ ደግሞ ቶሎ ይለምዳል፣ የዓመቱ ረቡዕ ሁሉ እንደዚህ የነበረ ያስመስላል። ትናንት ሙሴው ረቡዕ ጾሜን ነበርኩ ሲሏት፣ ራሷን ነቅንቃ የጻፈችው ለዚህ ነው። የባዬ ሰፈር እንኳ በዚያው ረቡዕ ገንፎ በቅቤ ሲበላ እንዳመሸ ጧት በጆሮዋ ሰምታ አልፋዋለች።

"ስንት ሰዓት ነው?"

"ስምንት ተኩል" አለ ቴዎድሮስ። "አራተኛው መቆሚያስ?"

"እሱን ኋላ። ዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ ይወጣል።"

*

ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ ነጠላውን እያጣፋ ወጣ። አቶ ሀብተሚካኤል ከፊት ከፊት ናቸው፤ ቄስ ገብረ ኢየሱስ ከኋላ መስቀላቸውን እያሳለሙ ይመጣሉ። ፀደንያ ከግቢው አጥር ውጭ፣ ዋርካው ሥር ጠበቀቻቸው። መስከረም ከቴዎድሮስ ጋር ትንሽ ራቅ ብላ ቆማለች።

"እንዴት ዋሉ ጋሼ። ትናንት የነገሩኝን አንድ ጊዜ ላጣራ ነው።"

"ደግሞ?" አሉ ሙሴው መስከረምን በዓይናቸው ጥግ እያዩ። "ወንጀለኛዋን ይዘሽ ምን ታዞሪኛለሽ?"

"ግንቦት ሃያ ሰባት ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቅዳሴ ላይ ነበሩ።"

"ነበርኩ።"

"እንደ ዛሬው ዘጠኝ ሰዓት ወጡ፣ ጾምዎን በጠበል ገደፉ።"

"ስንት ጊዜ ልንገርሽ! አዎ!"

"አባታችን" አለች ፀደንያ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ "ለጰራቅሊጦስ አራት ቀን ሲቀረው፣ ረቡዕ፣ ስንት ሰዓት ነው የቀደሳችሁ?"

ቄስ ገብረ ኢየሱስ መስቀሉን በአየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ከንፈራቸው ያለ ድምፅ ቀን ቆጠረ።

"በዓለ ሃምሳ" አሉ ቀስ ብለው። "በጧት ነው የቀደስነው። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ በሩን ዘግቻለሁ። ጾምም የለ። እኔው ነኝ በልማድ የመሰከርኩት፣ ይቅር ይበለኝ።" ወደ ሙሴው ዞሩ። "ሀብተሚካኤል፣ የምን ዘጠኝ ሰዓት ነው ልጀ?"

አቶ ሀብተሚካኤል ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ። በልማድ የተሠራ ውሸት ነበር፤ እንደ ነጠላቸው ሳያዩ የሚለብሱት። አሁን ግን ብርድ ገባበት።

"ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት የት ነበሩ?" አለች ፀደንያ።

ሰውየው የዋርካው ሥር ላይ ተቀመጡ። ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ሲቀመጡ ያየቻቸው የመጀመሪያዋ ነው።

"በዓይኔ ልየው ብየ ሄድኩ። ጽዋችንን መንገደኛ አስነክተውት እንደሆነ ልይ ብየ። ሳሎኑ ባዶ ነው። ሁለቱ ዋንጫ ጎን ለጎን። ከጓሮ ሳቅ ይሰማል፣ ፎቶ ይነሣሉ። ንድድ አለኝ። የእኛ ነገር መሣቂያ ሆነ አልኩ። በነጠላየ ይዠው ወጣሁ።"

"አስመሳዩንም ጠቅልለው አስቀመጡ። አስመሳይ መኖሩንማ ያውቁ ነበር፤ ራስዎ ነዎት ያሠሩት።"

"አዎ።"

"መስከረም ሌባ ስትባልስ?"

"ላሳስራት አልነበረም" አሉ። "ተዋርዳ ከተማውን ለቃ እስክትሄድ ነው። ከዚያ ቆይቶ ሚካኤል መለሰልን ብየ አወጣው ነበር።"

"ሚካኤልን ግብረ አበር ሊያደርጉት" አለች ፀደንያ። "የት ነው?"

"ጎታየ ውስጥ። ጤፉ ሥር።"

ከወዲያ መስከረም ሁሉንም ሰምታለች። መጣችና ፊታቸው ቆመች። የምትሰድባቸው መስሎት ቴዎድሮስ እጁን ዘረጋ። እሷ ግን ጠየቀች፤ "ጋሼ፣ ያን ቀን ለምን ወደ ጓሮ አልመጡም? የማኅበሩን ታሪክ እኮ ለእንግዶቹ ስነግራቸው ነበር። ስምዎንም ጠርቻለሁ።"

ቴዎድሮስ የሙሴውን ክንድ ይዞ አነሣቸው።

*

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ከባሕር ዳር የመጡት አሥራ ስምንት ሰዎች ገበያው ዳር ተሰበሰቡ። ባለማሩ ዛሬ ፊቱን አላዞረም፤ ማሩን አብዝቶ ቆረሰ፣ መስከረምን ቀና ብሎ ማየት ግን አልቻለም። "እጅህ ዛሬ ተፈታ" አለችው፤ ሌላ ምንም አላለችውም።

ሰባት ሰዓት ላይ እማማ እናኑ ጓሮ ማንጎው ሥር ደረሱ። ኢንስፔክተር ፀደንያ ቀድማ ተቀምጣለች፤ ጭኗ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አለ። ማስረጃ ነውና ሦስት ቦታ ፈርማ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ፣ ከእጄ አይወጣም ብላ ነው ያመጣችው። ቄስ ገብረ ኢየሱስም አሉ።

መስከረም አስመሳዩን ዋንጫ ከፍ አደረገች።

"ይሄ የመቶ ዓመት ዋንጫ ነው እያልኩ ነበር የማስጎበኘው" አለች። "ዋሽቻለሁ። የሁለት ወር ነው። ቡሬ ነው የተሠራው፣ በርበሬ በርበሬ ይሸታል። እውነተኛው ያውላችሁ፣ ፖሊሷ ጭን ላይ። ማየት ትችላላችሁ። መጠጣት ግን..."

"ምን ግን አለው?" አሉ እማማ እናኑ። ማሰሮውን ተደግፈው ተነሡ፤ ዓይናቸው ቢደክምም ወደ ኢንስፔክተሯ ቀጥ ብለው ሄዱ፣ እጃቸውን ዘረጉ። "አያቴ ይሄን ዋንጫ ሲሰጡ ሰምቻለሁ፣ ሕፃን ነበርኩ። በሚካኤል ስም የመጣ መንገደኛ ይጠጣበት ነው ያሉት። ሀብተሚካኤል አልተወለደም ያኔ። አምጭው እናትየ።"

ፀደንያ ቄሱን አየቻቸው። ቄሱ ሰማይ ሰማይ አዩ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ባረኩትም።

"ከእጄ አይወጣም ብዬ ፈርሜያለሁ እማማ።"

"ታዲያ አንችው ጀምሪያ።"

ጠላው ተቀዳ። ኢንስፔክተር ፀደንያ ማስረጃውን በሁለት እጇ ያዘች፣ ወደ አፏ አነሣችው። አውራ ጣቷ በብሩ ዳር ላይ ሲፈልግ ቆየና ጎድጓዳዋ ውስጥ ልክ ብሎ ገባ።